ቁልቁለቱን ከመሸጣችን በፊት

ሰበካ ያለ ጣሪያ ይኖራል፤ ያለ ካህንም ለጥቂት ጊዜ ይቆያል፤ "አይሆንም" የሚል ሰው ከሌለው ግን ሰበካ አይባልም። የኛዋ የባሕር ዳር መንደር አንስ ቤልፎን ይህን ጸጋ ያገኘችው በክብርት እማማ ዩዶክሲ በኩል ነው።

እማማ በስብሰባ መካከል የሚነሡት ቀስ ብለው ነው። መጀመሪያ ባርኔጣቸውን ያስተካክላሉ፤ ቀጥሎ "እኔ የምለው..." ይላሉ፤ ያን ጊዜ ምሳ ያልበላ ሁሉ ይተክዛል። ድምፅ ማጉያ ሲገዛ "እግዚአብሔር ደንቁሯል እንዴ?" ብለዋል። የቅዱስ ዮሴፍ ሐውልት ቀለም ሲታደስ ደግሞ "ይኼ ዮሴፍ አይደለም፤ ባለ ሥጋ ቤቱ ነው" ብለው ዐቢይ ጾሙን ሙሉ ጀርባቸውን ሰጥተውት ጸለዩ።

ስለዚህ አባ አንሰልም ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለውን ቁልቁለት እንሽጥ ሲሉ፣ ሁላችንም ወደ እማማ ነው የዞርነው። ነገሩ ግን አከራካሪ አልነበረም። የካህናቱ ቤት ጣሪያ በስብሷል። ዝናብ በመጣ ቁጥር አባ አልጋቸው ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ይተኛሉ። አብረዋቸው የሚኖሩት ሽማግሌው ካህን በእርጥበቱ ደረታቸውን ታመው ሳላቸው እስከ መንገድ ይሰማል። ቁልቁለቱ ላይ የዳቦ ፍሬ ከሚባሉት ዛፎች በቀር ምንም የለም፤ አንድ የከተማ ሰው ደግሞ የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራበት ፈልጓል።

"እኔ የምለው፣" አሉ እማማ ዩዶክሲ፣ "የተኙት ተጠይቀዋል?"

"የትኞቹ የተኙት?" አሉ አባ።

"በክፉው ትኩሳት ጊዜ ያለ መስቀል የተቀበሩት ናቸዋ! አያቴም እዚያው ናት።"

"ማስረጃ አለ?"

"አባቴ፣ ሰው ሲሞት ደረሰኝ ይቆርጣል እንዴ?"

ሳቅን። ሽያጩም ጸደቀ።

ቀያሹ መጥቶ ካስማ ተከለ። በማግስቱ ጠዋት ካስማዎቹ ሁሉ ተነቅለው ተገኙ። አልተጣሉም፣ አልተሰበሩም። ሣሩ ላይ ጎን ለጎን፣ ጫፋቸው ወደ ምሥራቅ ሆኖ፣ ልክ ሬሳ እንደሚያስተኙት ተጋድመዋል። ዱካ የለም፤ ጤዛው እንኳ አልተነካም። ቀያሹ ድጋሚ ተከለ፤ ድጋሚ ተኙ። ከዚያ ወዲያ ስልካችንን አላነሣም።

ጥርጣሬው ወደ ማን እንደሄደ መናገር አያስፈልግም። የመዘምራኑ መሪ ነኝና እኔ ተላክሁ።

"እማማ፣ እርስዎ ነዎት?"

"ጉልበቴን አታየውም? ደግሞ እኔ ብሆን ማገዶ አደርጋቸው ነበር እንጂ ደርድሬ አላስተኛም!"

አመንኳቸው። እንጨት የሚያባክኑ ሰው አይደሉም።

የሙታን በዓል ደረሰ። በዚያን ዕለት አመሻሽ ሁሉም በየዘመዱ መቃብር ላይ ሻማ ያበራል፤ እማማ ግን በየዓመቱ ብቻቸውን ቁልቁለቱ ላይ ነው የሚያበሩት፤ እኛም ስናሾፍባቸው ኖረናል። ያን ዓመት ጉልበታቸው ስለከዳቸው ሻማውን ይዤ ደግፌ አወጣኋቸው። ከላይ እስከ ታች አበራን። እማማ የሙታኑን ስም አንድ በአንድ ጠሩ፤ ከእያንዳንዱ ስም በኋላ፣ ደጃፍ ቆሞ እንደሚጣራ ሰው፣ ዝም ብለው ያዳምጣሉ። በመጨረሻም፣

"የካህናቱ ቤት ያፈሳል፤ ሽማግሌው ሊሞቱብን ነው። ምን ትላላችሁ?" አሉ።

ባሕሩ እንኳ ዝም ያለ መሰለኝ። ቅጠል አልተንቀሳቀሰም። የላይኞቹ ሻማዎች ነበልባላቸው ቀጥ ብሎ ረዘመ። የታችኞቹ ሰው በጣቱ እንዳፈናቸው ሁሉ፣ ባንድ ጊዜ ድርግም አሉ።

"ከታች ማንም የለም፤ ሽጡት ብለዋል" አሉ እማማ፣ የዓሣ ዋጋ ተስማምቶ እንደሚመለስ ሰው። "ላይኛውን ግን እንዳትነኩ።"

ለአባ አንሰልም ስነግራቸው አልሳቁም። ካስማዎቹን እሳቸውም አይተዋላ። ታችኛው ብቻ ተሸጠ፤ የተተከሉት ካስማዎችም ቆመው አደሩ። ጣሪያው ተሠራ፤ ገንዘቡ ግማሽ ነውና መስኮቶቹ እንዳሉ ቀሩ። ሽማግሌው ካህን ደረቅ አልጋ ላይ ከረሙ። እማማ አዲሱን ጣሪያ ዙሪያውን ዞረው አዩና "ቀለሙ የመጠጥ ቤት ነው" አሉ።

በቀጣዩ ዓመት እማማ ከቤት መውጣት አቃታቸው። ስሞቹን አስጠንተውኝ ለበዓሉ ብቻዬን ወጣሁ። ስሞቹን አጋምሼ "ማርሴል!" ብዬ ስጣራ፣ ከኋላዬ የሴት ድምፅ በቁጣ፣

"ማርሴል አይደለም፤ ማርስያል ነው!" አለኝ።

እማማ እያነከሱ የተከተሉኝ መስሎኝ ሳልዞር አርሜ ጠራሁ። ጨርሼ ስዞር ሻማና ሣር ብቻ።

ቤታቸው የደረስኩት እየሮጥኩ ነው። እግራቸውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው ተቀምጠዋል።

"እማማ፣ ወጥተው ነበር?"

"በዚህ እግሬ?"

የሆነውን ነገርኳቸው።

"ድምፁ እንዴት ያለ ነው?" አሉኝ።

"ልክ እንደ እርስዎ፤ ሰው የሚያሳፍር።"

እማማ ዩዶክሲ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

"አያቴ ናታ! እኔ አልደረስኩባትም፣ እናቴ ናት የምታወራልኝ። ታዲያ እኔ በማን የወጣሁ መስሎህ ነው?"

ትኩስ ካካዎ ቀዱልኝ። እሱን እየጠጣሁ ቀለል አለኝ። አንድ ቀን እማማን ተሸክመን ወደዚያ ቁልቁለት ብንወስዳቸው እንኳ፣ ዝም እንደማይሉን አወቅሁ።