የውሃ አለቃው ጋሽ አምባቸው

ከተቀጠረበት ሥራ ይልቅ ያልተቀጠረበትን አስበልጦ የሚሠራ ሰው የሌለበት ትምህርት ቤት የለም። አንዱ ደወል ይደውላል፣ አንዱ አበባ ይኮተኩታል። መካነ ሰላም ከተማ ያሉት ግን ይብሳሉ። ውሃ ያስጠጣሉ።

ክቡር ጋሽ አምባቸው በወረቀት የትምህርት ቤቱ የበር ጥበቃ ናቸው። ከዚያ በፊት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቧንቧ ሲቀጥሉ ኖረዋል፤ ጡረታ ወጥተው ዱላ ሲጨብጡም ዓይናቸው ከውሃ ላይ አልተነሣም። መምህርት ሄለን አራተኛ ክፍል ሒሳብ ስታስተምር ጭንቅላታቸው በመስኮት ብቅ ይላል።

"ተማሪ፣ ጉሮሮህ እንዴት አደረ?"

ክፍሉ በአንድ ድምፅ "ርሷል" ይላል። ሄለን ጠመኔዋን እንደያዘች ትቆማለች፤ የጀመረችው ክፍልፋይ ሰሌዳው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

በርሜል ላይ ቧንቧ ገጥመው ግቢው መሐል ያቆሙት ራሳቸው ናቸው። የሰፈሩ የውሃ ፈረቃ በደረሰ ቀን ይሞሉታል፣ ክሎሪኑን ለክተው ይጨምራሉ፣ ክዳኑን በድንጋይ ይጫኑታል። የየልጁን ሃይላንድ ተቀብለው በማርከር ሁለት መስመር ያሰምሩበታል፤ እስከ እረፍት እዚህ፣ እስከ ምሳ እዚያ። መስመሩ ላይ ያላደረሰ ልጅ ከበር አይወጣም። ከወረዳ የመጡትን ሱፐርቫይዘር እንኳ አንድ ኩባያ ካልጠጡ ክፍል አላስገባም ብለዋል ይባላል። ሄለን ግን በዓይኗ ስላየች "ይባላል" አትልም።

አንድ ቀን መርሯት ዳይሬክተሩ ዘንድ ከሰሰቻቸው። ወይ እሷ ታስተምር፣ ወይ እሳቸው ያጠጡ። ዳይሬክተሩ፣ ከምሳ በፊት የሚያንቀላፋው ልጅ ቀንሷል ወይስ አልቀነሰም ብሎ ጠየቃት። መቀነሱስ ቀንሷል።

አንዷ ግን አልዳነችም። ወለተ ሥላሴ የቄስ ቃለ ክርስቶስ ልጅ ናት። ጠዋት በሒሳብ የሚደርስባት የለም። ከስድስት ሰዓት በኋላ ራሷን በሁለት እጇ ትይዛለች፤ ሰባት ጊዜ ስድስት እንኳ ይጠፋታል። ከወግዲና ከከላላ ተማሪዎች ጋር የሚደረገው የጥያቄና መልስ ውድድር ደግሞ የሚካሄደው ወግዲ፣ ከምሳ በኋላ ነው። ሄለን እያዘነች ስሟን ሰርዛ ሌላ ልጅ ልትልክ ነበር።

ለዚህች ልጅ ውሃ እንዳትጠጣ ማን ፈቀደላት? ሁሉም። የቄስ ልጅ ናታ። ደረቅ ከንፈሯን ያየ ሁሉ "ጾም ላይ ነች" ብሎ ያልፋል። ጋሽ አምባቸው እንኳ ሃይላንዷን ሳይነኩ፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነሥተዋት ነው የሚያልፉት። እሷም አላስተባበለችም።

ከፋሲካ በኋላ በነበረው ሳምንት፣ ማክሰኞ ቀን፣ በመስኮት ብቅ ያለው ጭንቅላት ጉሮሮ ሳይጠይቅ ቆየ። ጋሽ አምባቸው ወለተ ሥላሴን ትክ ብለው ያይዋታል። ከዚያ ሄለንን ወደ ውጭ ጠሯት።

"ሄለን ልጄ፣ ሃምሳው ሳይወጣ የምን ጾም ነው? በሃምሳው እኮ አባቷ ራሳቸው አይጾሙም።"

ሄለን ልጅቷን ለብቻዋ አስቀምጣ ጠየቀቻት። ወለተ ሥላሴ መሬት መሬት እያየች ተናገረች። የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት መቀርቀሪያ የለውም። አምና ልጆች በሩን ገፍተው ስቀውባታል። ከዚያ ወዲህ ቤቷ እስክትመለስ ድረስ አትገባም፤ እንዳትገባ ደግሞ አትጠጣም። ጾም ነው ሲሏት ተመቻት። ሌሎቹ ሴቶች ልጆችስ? እነሱም ጋሼ ዞር ሲሉ ውሃቸውን ከመስመሩ እስኪደርስ የጽድ ዛፉ ሥር ይደፉታል።

ይህን ሲሰሙ ጋሽ አምባቸው በርሜላቸውን ተደገፉ።

"መግቢያውን ስገጥም መውጫውን ሳላይ ቀረሁ" አሉ። "ይህን ተለማማጅ ቢሠራው አባርረው ነበር።"

"አብሽሩ ጋሼ" አለች ሄለን። ከከሳሻቸው አፍ መውጣቱ ራሷንም ገረማት።

በዚያው ቀን የመሣሪያ ሣጥናቸውን ከቤት አስመጡ። መቀርቀሪያውን ከውስጥ በኩል፣ በትንሽ ልጅ ቁመት ልክ ገጠሙ። የላላውን ማጠፊያ አጠበቁ፤ ታችኛውን የተበላ ጣውላ በቆርቆሮ ደፈኑ። ከዚያ ወለተ ሥላሴን ገብተሽ ዝጊው አሏትና በትከሻቸው ገፉት። አልተከፈተም። ወደ ኋላ ተንደርድረው ገፉት። አልተከፈተም።

"ዳይሬክተሩን ጥሩልኝ" አሉ፤ "እሱ ወፍራም ነው።"

ከውስጥ ሳቅ ተሰማ።

ራስ ምታቱ በአንድ ቀን አልተዋትም። ሁለት ሳምንት ፈጀ። ሁለት መስመር ያለበትን የራሷን ሃይላንድ ይዛ፣ ስምንት ሰዓት ላይ በድጋሚ የተሰጠውን የውድድሩን መምረጫ ፈተና ከሃያ አሥራ ዘጠኝ አመጣች፤ ስለ ቀረችው አንዷም እስካሁን ትከራከራለች።

ሄለን የተጓዦችን ዝርዝር ጽፋ ለዳይሬክተሩ ሰጠችው። የወለተ ሥላሴ ስም አለ፣ የእሷ አለ፣ ከሥር ደግሞ የጋሽ አምባቸው። ዳይሬክተሩ ቀና ብሎ፣ የበር ጥበቃ ውድድር ላይ ምን ሊሠራ ነው አላት።

"የዚያን ትምህርት ቤት የመጸዳጃ ቤት በር አላውቀውም" አለች ሄለን። "እሳቸው ካልሄዱ እኔም አልሄድም።"