ሐጂ ኢንድሪስ በስብሰባ የወለዷት ልጅ

በእኛ ከሚሴ ሠራተኛ ያለው ሰው አላውቅም። ካላመናችሁ ገብታችሁ ጠይቁ። ሱቁን የሚጠርገው ማነው ስትሉ «የእህቴ ልጅ ነው» ይሏችኋል። ዕቃ የምታጥበዋስ? «እሷማ ልጃችን ናት፣ እቤት ያደገች ናት።» በር ላይ ዱላ ይዘው የሚያድሩት ሽማግሌ ደግሞ አጎት ናቸው። ይህን ሁሉ ዘመድ የሰጠን አላህ ይመስገን። ግን እኔ ጎረቤት ነኝና አንድ ነገር አያለሁ፤ ምሳ ሲቀርብ ዘመዱ ሁለት ቦታ ይከፈላል። የሥጋው ዘመድ ትሪውን ይከባል፣ የአፉ ዘመድ ምድጃውን።

ክፋት ነው አልልም። አፍ «ልጄ፣ ልጄ» ሲል ከዋለ አንዳንዴ ልብም ይሰማዋል። ብቻ ነገሩ እንዲሁ በጨዋታ ደህና ሆኖ ሲኖር ሕግ መጣና «እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ሐጂ ኢንድሪስ ጎረቤቴ ናቸው። የእሳቸው ምግብ ቤት ከአስፋልቱ ዳር ነው፣ የእኔ የበርበሬና የጨው ሱቅ ከጎኑ። መካከላችን ያለው ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮ ደግሞ ዝናብ እንጂ ወሬ አይከለክልም። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ሁሉ እዚያ ይቆማል። የሚቆመው የሐጂን ፊት ለማየት አይደለም፣ ለጦይባ የፍየል ቅቅል ነው። ጦይባ ከጨፋ ሮቢት ገጠር በልጅነቷ መጥታ እዚያ ምድጃ ሥር ያደገች፣ አሁን ወደ ሠላሳ የሚጠጋት ሴት ናት።

ይህች ጦይባ ጎኗን ያማታል። ሲነሳባት በአንድ እጇ ጭልፋውን እንደያዘች በሌላው ግድግዳውን ትደገፋለች፤ ሲተዋት ማማሰሏን ትቀጥላለች። ጥቁር አዝሙድ ጠጣች፣ ፌጦ ጠጣች፣ በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሄደች። የሐሞት ጠጠር ነው፣ ደሴ ሄደሽ ኦፕራሲዮን ሁኚ፣ ከዘገየሽ ይከፋብሻል አሏት። ለሐጂ ነገረቻቸው። «አብሽሪ ልጄ፣ ረመዳን ይውጣና» አሉ። ረመዳን ወጣ። «ማሽላው ይግባና» አሉ። ማሽላው ገባ። ከዚያ ወዲያ የሚወጣም የሚገባም ሲጠፋ «ኢንሻአላህ» ብቻዋን ቀረች።

በዚህ መሀል የነጋዴዎች ማህበራችን ስብሰባ ጠራ። እኔም አባል ነኝ፤ መዋጮ ሲኖር ስሜ ከፊት ይጠራል፣ ሻይ ሲኖር ይረሳል። ከጤና መድህን የመጣች አንዲት ወጣት ቆማ አስረዳችን። ሕጉ ተቀይሯል፣ ከእንግዲህ ሰው ቀጥሮ የሚያሠራ ሁሉ ሠራተኛውን የጤና መድህን ውስጥ ማስገባት አለበት፣ ከደመወዙ ጥቂት ሠራተኛው ያዋጣል፣ ያንኑ ያህል አሠሪው፣ ከዚያ በኋላ ሠራተኛው ቢታመም መድህኑ ያሳክመዋል አለች። አነጋገሯ ግልጽ ነበር፤ እኔ ከሁለተኛ ክፍል የወጣሁት እንኳ ገባኝ። ለካ ለሌላውም ገብቶታል፤ አዳራሹ ጭጭ አለ። ነጋዴ ካልገባው ይጮኻል፣ ሲገባው ነው ዝም የሚለው።

ከኋላ አንዱ «ዘመድስ?» አለ።

ልጅቷ ምን ታድርግ፣ የእኛን አገር አታውቅ፤ እውነተኛ ቤተሰብ ከሆነ እንደ ሠራተኛ አይመዘገብም ብላ መለሰች። ከዚህ በኋላ የሆነውን ብታዩ። ከሚሴ እንዲያ በዘመድ ተጥለቅልቃ አታውቅም። የጨርቅ ነጋዴው ዘበኛ እዚያው በቁሙ አጎት ሆነ። የእህል ነጋዴው ጆንያ ተሸካሚዎቹ በሙሉ የሟች ወንድሙ ልጆች መሆናቸውን አስታወቀ። ወንድሙን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አላህ ይማረውና ሚስት ሳያገባ ነው የሞተው።

ሐጂ ኢንድሪስም ተነሱ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እኔ ሠራተኛ የለኝም። ወጥ ቤት ያለችው ጦይባ ልጄ ናት» አሉ። ሊቀመጡ ጎንበስ ሲሉ አያ ሙሄ ጠሯቸው።

አያ ሙሄ የማህበሩ ሽማግሌ ናቸው። ስብሰባ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚውሉት፤ አንቀላፍተዋል ብሎ የተማመነ ሰው ሁሉ ከስሯል። «ኢንድሪስ፣ ልጄ ናት ነው ያልከው?» አሉ። «ልጄ ናት አያ።» «ለአፍህ ያህል ነው ወይስ እንደ ጉዲፈቻ?»

እንግዲህ ጉዲፈቻ በእኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም። የሰው ልጅ በሽማግሌ ፊት «ልጄ» ተብሎ ከተወሰደ አለቀ፣ ከአብራክ እንደወጣ ነው። ሐጂ የመድህኗን ልጅ አዩ፣ አያ ሙሄን አዩ። «ለአፌ ነው» ቢሉ ጦይባን በሠራተኛ ልትመዘግብባቸው ነው። ታዲያ የቱ ይቀላል? ወዲያው አሰቡና «እንደ ጉዲፈቻ» አሉ። አያ ሙሄ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፣ ጀማውም አሚን አለ። እኔም አልኩ፤ ከሁሉ ጮክ ሳልልም አልቀረሁም። አንድ ነገረኛ የውርሱን ጉዳይ ሊያነሳ ሲል አያ ሙሄ «ውርሱን ሸሪዓ ያውቃል፣ ማሳከሙን አባት ያውቃል» ብለው መልሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እኔ ወሬ አላመላልስም። ግን ጎረቤት ልጅ ስታገኝ እንኳን ደስ ያለሽ ማለት ወሬ ነው? በቀጥታ ወደ ሐጂ ሚስት ወደ እትዬ ሰዓዳ ሄድኩ። እትዬ ሰዓዳ የወለደቻቸው ወንዶች ናቸው፤ እነሱም በየአገሩ ተበትነው ለኢድ በስልክ ነው የሚመጡት። ሴት ልጅ ስትመኝ ነው የኖረችው። ስነግራት መጀመሪያ አልሳቀችም። «በሽማግሌ ፊት?» አለችኝ። «በሽማግሌ ፊት፣ በዱዓ» አልኳት። ተነስታ ወጥ ቤት ገባችና ጭልፋውን ከጦይባ እጅ ወሰደች። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ከእንግዲህ ጎንሽን ይዘሽ ለሹፌር አትቀቅይም» አለቻት።

ጦይባ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና «እትዬ፣ መቼ ነው የወለዳችሁኝ?» አለች።

«ዛሬ ከሰዓት» አልኳት እኔ፣ «ምጡም ቀላል ነበር።»

ሐጂ ከስብሰባው እንዳተረፈ ሰው ረጋ ብለው እየተራመዱ ሲመጡ ቤቱን እልልታ ሞልቶታል። የሰፈር ሴት ቅቤ ይዛ መጥታለች። ደጅ ሹፌሮች ተደርድረው ቅቅል ይጠብቃሉ፣ ምድጃው ጠፍቷል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይሄው ነው።

በማግስቱ ሐጂ ሕክምናውን መድህኑ ይቻልልኝ ብለው፣ ማንም ሳያያቸው ወደ መድህን ቢሮ ሄዱ። ማንም ሳያያቸው ያልኩት እሳቸው እንደዚያ ስለመሰላቸው ነው። «ያቺ ልጅ ለካ ሠራተኛም ናት» ቢሉ ወጣቷ ግራ ገባት። እንደ ሠራተኛ ልመዝግባት ብትል መድህኑ በተመዘገቡበት ቀን አይጀምርም። በአባቷ በኩል ትግባ እንዳይባል ዕድሜዋ አልፏል። ሐጂ ከዚያ ወጥተው አያ ሙሄ ዘንድ ሄዱ። አያ ሙሄ «ልጅ ይወለዳል እንጂ አይመለስም፤ ከባቲ ገበያ የገዛሃት ፍየል መሰለችህ?» አሏቸው።

መስጊድም አላስቀምጣቸው አለ። ከየሰላቱ በኋላ አንዱ ይጠጋና «ልጅዎ እንዴት አደረች?» ይላል። ሌላው «የደሴውን መቼ አሰባችሁ?» ይላል። ሐጂ «ኢንሻአላህ» ቢሉ ጠያቂው እዚያው ቆሞ ቀኑን ይጠብቃል። ማታ ደግሞ እትዬ ሰዓዳ አለች፤ በቆርቆሮው በኩል የሰማሁትን ሁሉ አልናገርም፣ ብቻ «የሐጂ ልጅ ደጁ ላይ ሞተች ይባል?» ስትል ሰምቻለሁ።

ስለዚህ ደሴ ተሄደ። እኔም አብሬ ሄድኩ፣ ሰው ያስፈልጋል ብዬ። ሐጂ ከኪሳቸው ከፈሉ። ሐኪሞቹ ጦይባን ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ይዘዋት ሲገቡ ሐጂ በሩ ላይ ቆመው ተስቢሕ መቁጠር ጀመሩ፤ ዶቃው ሲያልቅ ከላይ ይጀምራሉ። ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ ያየሁት የገንዘብ ጭንቀት አልነበረም። ነርሷ ወጥታ ለታማሚዋ ምኗ ነዎት ብላ ስትጠይቃቸው «አባቷ» አሉ፤ ከስብሰባው ጊዜ ይልቅ ቀስ ብለው። ጦይባ ከሰመመኑ ስትነቃ ዓይኗን ከፈት አድርጋ አየቻቸውና «አባ፣ ቅቅሉን ማን እየሠራ ነው?» አለች። ሐጂ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። አቧራ ገብቶብኝ ነው አሉ በኋላ። በዚያ የደሴ ጭጋግ ውስጥ አቧራውን ከየት እንዳገኙት እሳቸው ያውቃሉ።

አልሐምዱሊላህ ጦይባ ድናለች። አሁን ከእትዬ ሰዓዳ ጎን ተቀምጣ ሂሳብ ትቀበላለች፤ ወጥ ቤት የምትገባው ጨው ለመቅመስ ነው። ለምድጃው ከሐርቡ በኩል አንዲት ሴት ተቀጠረች። ሐጂ ሴትዮዋ ጓዟን ሳታወርድ ይዘዋት ወደ መድህን ቢሮ ሄዱ። ሲመለሱ ላገኙት ሁሉ፣ ሳይጠየቁ፣ «ሠራተኛዬ ናት» ይሉ ነበር። ለእኔ ሁለቴ ነገሩኝ።

ሴትዮዋ ግን ጨዋ ናት፤ ደህና አድርገው ነው ያሳደጓት። ምሳ ሰዓት የእጅ ውሃ ይዛ መጣች፣ ወገቧን ሰበር አድርጋ «እንኩ ይታጠቡ፣ አባቴ» አለቻቸው።

ሐጂ የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ። ሽማግሌ እንዳይኖር ብለው ግራ ቀኛቸውን አዩ። ከዚያ ጠጋ አሉና ዝቅ ባለ ድምፅ «አለቃ በይኝ» አሏት።