ያልተቧጨረ እጅ

ዛሬ ጠዋት ከሄሉ ሰፈር ማዶ ካለው ቁጥቋጦ ቆቤን ሙሉ ጥቁር ፍሬ ለቀምኩና፣ አጋም ነው ብዬ ፍየል ለምታረባዋ ጎረቤቴ ለዲራሜ ወሰድኩላት። እንደኔ ዓይነቱን ሽማግሌ መቼም ታውቁታላችሁ። «አላውቅም» ያለ ዕለት ሽበቱ የሚረግፍ ይመስለዋል። ታዲያ በዚህ ዕድሜው የዛፍ ስም ሰው ይጠይቅ እንዴ?

ዲራሜ ፍሬውን ትታ መዳፌን አገላብጣ አየች።

«ምዜ» አለችኝ፣ ሽማግሌው ማለቷ ነው፤ «የአጋም እሾህ አንተን ፈርቶ ነው ያልቧጨረህ? ይሄ እኮ የቀስት መርዝ የሚወጣበት ዛፍ ፍሬ ነው። ቀምሰሃል?»

«መጀመሪያ ላንቺ ብዬ።»

«አዬ ፍቅር» አለችና ፍየሎቿ እንዳያገኙት ጉድጓድ ቆፍራ ቀበረችው። ከዚያ እጄን እንደ ሕፃን እጅ በሳሙና እያሸች፣ «እውነተኛውን አጋም አምጣልኝ፤ ግን እጅህ ተጭሮ ልየው» አለችኝ።

ይኸው አንድ እፍኝ አጋም ከነጭረቱ ዕዳ አለብኝ።