ጋሽ ሙላው ከቢፑ በኋላ

የድምፅ መልእክት የሚተው አበሻ ያልገባበት ስልክ በዓለም ላይ የለም። ካለም ባለቤቱ ዘመድ የሌለው ሰው ነው፤ እግዜር ይርዳው። ሌሎቻችን ግን ሰውየውን እናውቀዋለን። ስልኩን ካላነሳንለት እንደ ሰው ዘግቶ አይሄድም። ቢፕ እስኪል ይጠብቅና ተደላድሎ ይጫወታል። የሚጫወተው ደግሞ ከራሱ ጋር አይደለም። ከእኛ ጋር ነው፣ እኛ ባንኖርም።

የዚህ ወገን አለቃ፣ የመልእክት ሣጥን አጥለቅላቂ፣ የቢፕ ባላባት ክቡር ጋሽ ሙላው ናቸው። አትላንታ አጠገብ ስማይርና ይኖራሉ፤ ኤርፖርት አካባቢ ላለ አንድ ሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳሉ። በዲቪ ከመጡ ሃያ ሦስት ዓመታቸው ነው። በእነዚህ ዓመታት ከሰው ይልቅ ከማሽን ጋር ሳያወሩ አልቀሩም፤ ለሁለቱም ያላቸው አክብሮት ግን እኩል ነው። "ፕሊስ ሊቭ ኤ ሜሴጅ" የምትለዋን ሴትዮ "እሺ እመቤት፣ አመሰግናለሁ" ሳይሏት አያልፉም። አንድ ቅዳሜ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ሊቀይሩ ደወሉ። ቢሮው ዝግ ነው። ሰላምታው ሳያልቅ ማሽኑ ቆረጣቸው። እንደገና ደወሉና "ይቅርታ፣ ተቋረጠብን" ብለው ካቆሙበት ቀጠሉ።

የጋሽ ሙላው ትልቁ ተሰጥኦ ግን ንግግራቸው ሳይሆን ዝምታቸው ነው። ሰላምታ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ጠያቂው ያመሰግናል። ጋሽ ሙላው ማሽን ገባ ብለው ይህን ሥርዓት አያፈርሱም። "ሃሎ፣ እንዴት ነህ?" ይሉና ዝም ይላሉ። "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?" ለማለት የሚበቃኝን ጊዜ ይሰጡኛል። ከዚያ "ተመስገን!" ይላሉ፣ ልክ እንደመለስኩላቸው። "ቤተሰብ ደህና?" ዝም። "ተመስገን! ሥራስ?" ዝም። "ተመስገን! መኪናህስ፣ ዘይት ቀይረሃል?" እዚህ ላይ ዝምታው ረዘም ይላል፣ አለመቀየሬን ያውቃሉና። ማሽኑ ሲቆርጣቸው የደወሉበት ጉዳይ ገና አልተነሳም።

እኔስ ምን አደርግ ነበር? የመጀመሪያዎቹን ከሰማሁ በኋላ አልሰማቸውም ነበር። ስማቸው ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል ስልኩን በፊቱ እደፋዋለሁ። ከንፈራችሁን አትምጠጡብኝ፣ እናንተም ታደርጉታላችሁ።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ሚካኤላ። እዚሁ አድጋ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ለአንድ ኢንሹራንስ ሶፍትዌር ትሠራለች። ከሥራ ስትወጣ ደግሞ ቻምብሊ ያለው አፓርትመንቷ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብታ ሙዚቃ ትሠራለች። ቁም ሣጥን ያልኩት ተሳስቼ አይደለም፤ የተሰቀለ ካፖርት ድምፅ እንዳያስተጋባ ያደርጋል ትላለች። እናቷ ወይዘሮ ሸዋነሽ "ሦስት ክፍል ተከራይታ ከካፖርት ጋር የምትኖር ልጅ ወለድኩ" ይላሉ።

ከስማይርና ቻምብሊ፣ ትራፊክ ከሌለ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። በዚህ አገር ግን ልጅህ ቤትም ቢሆን ሳትደውል አትሄድም። ጋሽ ሙላው ይደውላሉ፤ እሷ አታነሳም፤ ስለዚህ አይሄዱም። ቆየት ብላ ቴክስት ታደርጋለች፦ "ኦኬ ነኝ አባዬ፣ ቢዚ"፣ ከአንዲት ቀይ ልብ ጋር። ወይዘሮ ሸዋነሽ በዚህ ይረካሉ።

"ጻፈች አይደል? አለች ማለት ነው። ልጅቷን አታስጨንቃት።"

"ጽሑፍማ ባንኩም ይልክልኛል" ይላሉ ጋሽ ሙላው።

ባለፈው ዓመት የሚካኤላ የመልእክት ሣጥን ሞላ። ከመሥሪያ ቤቷ ደውለው መልእክት መተው አቃታቸው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልታጠፋፋው ቁጭ አለች። ለማጥፋት ደግሞ ቢያንስ መጀመሪያውን መስማት አለባት። ሁሉም አባቷ ናቸው። ሦስተኛው ላይ እጇ ቆመ፤ ጆሮዋ የሆነ ነገር ያዘ። ዝምታዎቹን በጣቷ እየመታች ለካቻቸው። እኩል ናቸው። የሰኞውም፣ የሐሙሱም፣ የፋሲካ ማግስቱም። አራት ምት ዝም፣ ከዚያ "ተመስገን"። ሌላ ሙዚቀኛ በኮምፒውተር የሚያስተካክለውን ልክ፣ ጋሽ ሙላው ሻትል ውስጥ ተቀምጠው እንግዳ ሲጠብቁ በአፋቸው ጠብቀውታል።

አንዲትም ነገር ሳታርም በየዝምታው ከበሮ ገባችበት። "ዘይት ቀይረሻል?" ካሉ በኋላ ባለችው ረዥም ዝምታ ላይ ቤዙን ለቀቀችው። "ከቢፑ በኋላ" ብላ ሰየመችውና ኢንተርኔት ላይ ጣለችው። አባቷን አላስፈቀደችም፤ ማን ይሰማዋል ብላ።

የሰማውን እግዜር ይቁጠረው። ቶሮንቶ ያሉ ልጆች የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስቦ፣ ጠርጎ፣ መልሶ የመክተት ውዝዋዜ አወጡለት። አማርኛ የት እንደሚነገር የማያውቅ ፈረንጅ ዳንስ ቤት ውስጥ እጁን ዘርግቶ "ዘይት ቀይረሻል!" እያለ ጮኸ። ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ እኔ ጎማ የማስሞላበት ሱቅ ያለው ሜክሲኳዊ፣ አበሻ መሆኔን ሲያውቅ "ተመስገን!" አለኝ።

ጋሽ ሙላው የሰሙት በራሳቸው ሻትል ውስጥ ነው። ኋላ የተቀመጠች ተሳፋሪ ስልኳን ከፈተች። "ሃሎ፣ እንዴት ነሽ?" አለ የራሳቸው ድምፅ። ጋሽ ሙላው "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን!" ብለው መለሱ። ከዚያ ነው የደነገጡት። መኪናውን ጥግ ፓርክ አደረጉና ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ ተሳፋሪዎቹ በረራ ሊያመልጣቸው ነበር።

ከዚያ በኋላማ አይያዙም። በሰኔ አንገታቸው ላይ ሻርፕ ጠመጠሙ። በዝንጅብል ሻይ ይጉመጠመጡ ጀመር። "እኛ አርቲስቶች ቀዝቃዛ አይስማማንም" አሉኝ አንድ ቀን፣ ያቀረብኩላቸውን ውሃ በክብር እየመለሱ። እዚሁ ባደጉት የአበሻ ልጆች፣ በሀምዛና በናዲያ ሠርግ ላይ የክብር እንግዳ ሆነው ተጠሩ። ዘፈኑ ተከፍቶ፣ ሕዝቡ "ደህና!" እያለ ሲጋጋል ማይኩን ሰጧቸው። "ናዲያ፣ ልጄ፣ ዘይት ቀይረሻል?" ሲሉ አዳራሹ ሊፈርስ ደረሰ። ጋሽ ሙላው ግን እጃቸውን አንስተው ሕዝቡን ዝም አሰኙ። መልስ እየጠበቁ ነው።

"ኧረ ጋሼ፣ ቶታሊ ረሳሁት!" አለች ሙሽሪት ከዓይነ ርግቧ ሥር።

"ስንት ማይል ሆነ?"

"ላይክ... ዘጠኝ ሺህ?"

"ሞተሩን ልታቃጥይው ነው እኮ!"

ኬኩ ሳይቆረስ ሙሽራውን ጥግ ይዘው፣ ሰኞ በጠዋት እንደሚያስቀይር ቃል አስገቡት።

የዚያን ቀን አብረን ወጣን። ፓርኪንጉ ውስጥ ሻርፓቸውን ፈቱ። ስለ ዝናቸው ሊቀጥሉ ነው ብዬ ቀልድ አዘጋጅቼ ነበር።

"አየህ" አሉኝ፣ "አምስት መቶ ሰው 'ደህና!' ብሎ መለሰልኝ። እኔ እኮ የጠየቅኩት አንድ ሰው ነው።"

"አልደወለችም?"

"ዘፈኑ ከወጣ ወዲህ ያቺ ቴክስትም ቀረች። ለእናቷ ለንደን ነኝ፣ ቶሮንቶ ነኝ ትላለች። ለእኔ ምንም።"

"ተቆጥተውባት ይሆን ብላ ነዋ።"

"በምን? ድምፄን ወሰደች ብዬ? ሌላ ምን አለኝ የምሰጣት? ትውሰደው፣ ሁሉንም ትውሰደው!" የመኪናቸውን ቁልፍ አውጥተው መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። "ዘፈኑን ስንት ጊዜ ሰማሁት መሰለህ። ድምጿን ፍለጋ ነው። ሳል እንኳ የላትም። ከዳር እስከ ዳር እኔው ነኝ። ናፈቀችኝ፣ ወንድሜ። ድምጿ ናፈቀኝ።"

ያዘጋጀሁትን ቀልድ ዋጥኩት። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ የራሴን የመልእክት ሣጥን ከፈትኩ። ከጋሽ ሙላው የመጡ ሠላሳ አንድ ያልተሰሙ መልእክቶች። በአንዱ ከሦስት ወር በፊት ጀርባዬን አሞኝ እንደነበር አስታውሰው "ተሻለህ?" ይላሉ። እንዲያ ያለኝ ሌላ ሰው አልነበረም። "ተሻለኝ" አልኩ መሪውን ይዤ። "ተመስገን!" አሉኝ።

በዚያው ሳምንት ሚካኤላ በአንድ የኢንተርኔት ሬዲዮ ቀረበች። ጠያቂው ስለ ዝና ሲጠይቃት በእንግሊዝኛ እንደ ውሃ ትወርዳለች። "አባትሽስ ምን አሉ?" ሲላት ወደ አማርኛ ዞራ ተንተባተበች።

"አላናገርኩትም። ሳልጠይቀው ነው ዩዝ ያደረግኩት፣ ሶ... እፈራለሁ። በፊትም ስልክ ላይ ፓኒክ አደርጋለሁ። አማርኛዬ ሰባራ ነው። 'እንዴት ነሽ' ሲለኝ የሚመለሰውን ቶሎ አላገኘውም፣ እሱ ደግሞ ይጠብቃል። ዩ ኖው፣ ያ ዝምታ የእኔ ቦታ ነበር። መልስ ማስገባት ሲያቅተኝ ከበሮ አስገባሁበት።"

ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጋሽ ሙላው ቁጥሯን ለአትላንታ ሕዝብ ሁሉ አድለውታል፤ ደወልኩላት። እንደተጠበቀው አላነሳችም። ቢፕ ሲል የምናገረው ጠፋኝና "ሚካኤላ፣ እንዴት ነሽ?" ብዬ ዝም አልኩ። ለካ ከባድ ነው! የሌለን ሰው መልስ ጠብቆ፣ እንደሰማ ሰው "ተመስገን" ማለት አንጀት ይፈልጋል። ጋሽ ሙላው ይህን በየቀኑ ያደርጉታል። "አባትሽ አልተቆጡም" አልኳት፣ "ናፍቀውሻል። ሰባራም ቢሆን ድምፅሽን ነው የሚፈልጉት።" ማሽኑ ቆረጠኝ። እሷም መልስ አልሰጠችኝም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ስማይርና ሄድኩ። ጋሽ ሙላው ከሚካኤላ አሮጌ ኮሮላ ሥር ተንጋለዋል። ልጅቷ አዲስ ከገዛች አራት ዓመቷ ነው፤ እሳቸው ግን ይህችን በየሳምንቱ ያስነሷታል፣ የትም ላልሄደችበት ዘይት ይቀይሩላታል። ስልካቸው ኮፈኑ ላይ ተቀምጧል። ጮኸ። ስክሪኑን አየሁት።

"ጋሽ ሙላው! ሚካኤላ ናት!"

እንደዚያ ፈጥኖ ከመኪና ሥር የወጣ የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው አይቼ አላውቅም። እጃቸው በጥቁር ዘይት ተለውሷል። ስልኩን ወደ ጆሯቸው ላስጠጋ ስል፦

"ተው! እንዳታነሳው!"

"ምን ነካዎት? አንድ ዓመት ሙሉ ሲጠብቋት..."

"ካነሳሁት አውርተን ያልቃል። ተወው፣ ትናገርበት። እንዲቀመጥልኝ።"

ስልኩ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ቆመ። እኔና እሳቸው መኪናው አጠገብ እንደ ዘብ ቆመን ቀረን። ብዙ ቆየ። ትታው ሄደች ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ስል ስልኩ ጭል አለ፤ መልእክት ገብቷል። ጋሽ ሙላው ያልተነካካችውን ትንሿን ጣታቸውን በሸሚዛቸው ጠርገው ተጫኑት።

"ሃሎ... አባዬ። እንዴት ነህ?" አለችና ዝም አለች።

"ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ?" አሉ ጋሽ ሙላው ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው።

"ተመስገን" አለች። "ማሚ... ደህና ናት?"

"ደህና ናት፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች።"

"ተመስገን። ሻትሉስ?"

"ይሄዳል፣ ምን ይሆናል።"

"ተመስገን። አባዬ... ስለ ዘፈኑ ሳልጠይቅህ... ሶሪ። ተቆጣህ?"

እዚህ ላይ ዝምታው ረዘመ።

"ኧረ በጭራሽ! ምን ብዬ፣ ልጄ! ምን ብዬ!"

"ተመስገን" አለች ሚካኤላ። "ዘይት... አልቀየርኩም። አይ ኖው፣ አይ ኖው።"

አለቀ። እኔ የጎረቤቱን ሣር አየሁ፣ ደህና የታጨደ ሣር ነው። ዞር ስል ጋሽ ሙላው መልእክቱን እንደገና ከፍተውታል። "ሃሎ... አባዬ። እንዴት ነህ?" ትላለች። "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ይላሉ፣ በዘይት እጃቸው እንባቸውን ጠርገው ጉንጫቸውን አጥቁረውት።

"ጋሽ ሙላው፣ ኧረ ይደውሉላት! ስልኳን ይዛ እየጠበቀችዎት እኮ ነው!"

ጥቁር መዳፋቸውን አንስተው ዝም አሰኙኝ።

"ቆይ እንጂ" አሉኝ፣ "ገና ሰላምታ ላይ ነን።"