የሊቀ ጆይስቲክ ሀብተሥላሴ የብር ኢዮቤልዩ

በየሰፈሩ አንድ ሰው አለ፤ ጌሙን የሠራው ኩባንያ ሳይሾመው በገዛ ፈቃዱ የጌሙ ባለአደራ የሆነ። መርካቶ ብትሄዱ አለ፣ ሳሪስ ብትሄዱ አለ። የኮልፌው ግን ከሁሉም ይብሳል። ስሙ ሀብተሥላሴ ነው፤ በሥራው በርና መስኮት በያጅ፣ በማዕረጉ ሊቀ ጆይስቲክ። ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ለማሾፍ ነበር፤ እሱ ግን የምሩን ተቀበለው።

ሊቀ ጆይስቲክ አርባን አልፏል። በየዓመቱ አዲስ የሚወጣውን ያንን የኳስ ጌም ከልጅነቱ ጀምሮ አንድም ዓመት ሳይዘል ተጫውቷል። አዲሱ በወጣ ቁጥር ፕሌስቴሽን ቤት ይመጣል፣ አንድ ግጥሚያ ቆሞ ያያል፣ ራሱን ይነቀንቅና "አበላሹት" ይላል። አምናም አበላሽተውት ነበር፣ ካቻምናም። ይህን ያህል ዓመት ተበላሽቶ እንዴት እስካሁን እንዳላለቀ እንጃ። በማግስቱ ግን ከሁሉም ቀድሞ ወረፋ ይዞ የሚገኘው እሱ ነው።

ልጆች ሲጫወቱ ከኋላ ቆሞ ያሠለጥናል፤ ማንም አልጠየቀውም። አንዱ ደፍሮ መልስ ከሰጠው "አንተ ያኔ የት ነበርክ?" ይለዋል። ልጁ ያኔ አልተወለደም፤ ይህም በሊቀ ጆይስቲክ ዘንድ እንደ ጥፋት ይቆጠራል። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ካርታ የሚጫወቱ ሰዎችን አስቁሞ፣ የስድስተኛው ጌም በረኛ ለምን በማዕዘን ምት ጎል ይገባበት እንደነበር ሲያስረዳ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዴ አውራ ጣቱን አሞት ሐኪም ዘንድ ሄደ። ምን ስትሠራ ነው ቢባል፣ ብየዳውን ጨርሶ ረስቶ "ቅጣት ምት ስመታ" አለ። ሐኪሙም የእግር ራጅ አዘዘለት።

ዘንድሮ ታዲያ ጌሙ ሃያ አምስት ዓመት እንደሞላው አወጀ። እኛ ሰፈር ሦስት ሰው አንድ ላይ ከቆመ ኮሚቴ ነው። ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሊቀመንበሩም ጸሐፊውም እሱ ሆነ፣ እኔ የድግስ ክፍል ተባልኩ። ቲሸርት ታተመ፣ ድፎ ዳቦ ታዘዘ። ዋንጫውን ራሱ ከላሜራና ከፌሮ በየደው፤ ለሁለት ካልሆነ አይነሳም። ፊቱ ላይ "1993 – 2018፣ 25ኛ ዓመት" የሚል ጽሑፍ በብየዳ አሰፈረበት። በቀለም ቢጽፈው ምን ነበረበት።

ይህ ሁሉ ሽር ጉድ ለእኛ እንዳልሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ለእናቱ ነበር። እማማ ወለተጻድቅ "ይሄ ነገር ልጄን በላብኝ" እያሉ ነው የኖሩት፤ በፕሌስቴሽን ቤቱ ደጃፍ ሲያልፉ እንኳ ፊታቸውን ያዞራሉ። ለዚህ በዓል እንዲመጡለት ቀራንዮ ድረስ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ለመናቸው። አንድ ቀን ብቻ ሰው ሲያከብረኝ ትየኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም አለኝ። ያን ሲለኝ አላሾፍኩበትም፤ ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

እሑድ ከሰዓት መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡና ቴሌቪዥኑን የጎሪጥ አዩት። ሊቀ ጆይስቲክ የሠርጉን ሱፍ ለብሶ ንግግሩን ጀመረ። ገና "ሃያ አምስት ዓመት" ከማለቱ፣ ዳዊ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስልኩን አውጥቶ፣ የለም፣ ሠላሳ ሁለት ነው አለ። ለካ ሰውየው ዓመቱን ያገኘው ከመጀመሪያው ጌም ሳጥን ጀርባ ላይ ነው። እዚያ ላይ ያለው 1993 የፈረንጆቹ ነው፤ እሱ ግን ከእኛው 2018 ላይ ቀነሰው። ሁሉን አውቃለሁ የሚለው ሰው ሰባት ዓመት ጠፋበት።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እኔ አልሳቅሁም ብል ውሸት ነው። ከዚያ ግን አየሁት። ዳዊን አላየም፣ ዋንጫውንም አላየም፤ የሚያየው እናቱን ነበር። አንጀቴን በላው። ሳላስበው ብድግ ብዬ፣ ፈረንጅ አገር መቼ እንደወጣ እኛ ምን አገባን፣ የምናከብረው ኮልፌ የገባበትን ዓመት ነው፣ ኮልፌ ደግሞ የገባው በእኛው በ93 ነው አልኩ። ሳቁ ቆመ። ዳዊም ስልኩን ኪሱ ከተተ። ተመስገን፣ ነገሩ አለቀ ስል ሊቀ ጆይስቲክ ጉሮሮውን ጠረገ። ስሕተት ሰምቶ ማለፍ አልፈጠረበትም፤ ራሱን የሚያድነው ስሕተት ቢሆንም።

"በ94 ነው" አለ። "በኅዳር።"

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። እማማ ወለተጻድቅ ግን ከወንበራቸው ሳይነቃነቁ ተናገሩ።

"በ93 ነው። ቴሌቪዥኔን የቀማኸኝ ያን ዓመት ነው። ከእኔ በላይ ልታውቅ ነው?"

በዓመተ ምሕረት ጉዳይ ለማንም እጅ ሰጥቶ የማያውቀው ሰው አንገቱን ደፍቶ "ልክ ነሽ እማዬ" አለ። ጭብጨባው የቤቱን ቆርቆሮ አናወጠው። ዋንጫውን እኔና እሱ ተሸክመን እግራቸው ሥር አስቀመጥንላቸው።

ድግሱ ሲያልቅ ታክሲ ላሳፍራቸው አብሬያቸው ወጣሁ። መንገድ ላይ፣ እውነት በ93 ነበር እንዴ ብዬ ጠየቅኋቸው።

"እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ" አሉ። "ያን ሁሉ ብረት እንደገና ከሚበይድ ብዬ ነው።"

ፌርማታው ጋ ስንደርስ ቆም አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ለመሆኑ ጎበዝ ነው?"

ከዚህ ሰው ጋር ከኅዳር 94 ጀምሮ ተጫውቻለሁ። አንድም ቀን አሸንፌው አላውቅም፤ አንዴ በጆይስቲኩ፣ አንዴ በመብራቱ፣ አንዴ በመስኮት በሚገባው ፀሐይ እያሳበብኩ ነው እዚህ የደረስኩት።

"እንደ እሱ ያለ የለም፣ እማማ" አልኳቸው። "ግን አደራ፣ እኔ እንዳልኩ እንዳይነግሩት።"