ከአባቴ ደብተር ስወጣ

ሰው አባወራ የሚሆነው መቼ ነው? ሲያገባ የሚል አለ፤ ልጅ ሲወልድ የሚል አለ። እናንተ ምን እንደምትሉ አላውቅም። በእኛ ቀበሌ ግን ሰው አባወራ የሚሆነው በጥር ነው። የጤና መድን ምዝገባ የሚከፈተው እህሉ ከተሰበሰበ፣ በርበሬው ከተሸጠ በኋላ ነዋ። ከዚያ በፊት ብታገቡም ብትወልዱም ለመዝገቡ ገና የአባታችሁ ልጅ ናችሁ።

እኔ ይህን ሳላውቅ ቸኮልኩ። ቡታጅራ በርበሬ ወፍጮ ቤት እሠራለሁ። የምኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ መስቃን ውስጥ፣ በአባቴ ግቢ ጥግ በቀለስኳት ቤት ከባለቤቴ ከዘይነባ ጋር ነው። ልጃችን ነኢማ ከተወለደች ወዲህ በአባቴ የመድን ደብተር ላይ «ልጅ» ተብዬ መቀመጤ ይከነክነኝ ጀመር። ጺም አብቅዬ፣ ልጅ አቅፌ፣ «ልጅ»! በጥቅምት ቀበሌ ሄጄ፣ ሰርዙኝና የራሴን ደብተር አውጡልኝ አልኩ። ሠራተኛው ስሜ ላይ መስመር ለመሳብ አፍታም አልፈጀበትም።

«አዲሱስ?»

«አዲሱ በጥር ነው።»

ለመሰረዝ ወቅት የለውም፤ ለመጻፍ ግን አለው።

አባቴ ሲሰማ ሳቀ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር! በል አሁን ልጅቷን በእኔ ደብተር አስገባት፤ በነባር ደብተር ላይ ልጅ ይጨመራል። አያት የልጅ ልጁን ቢያሳድግ ማን ይጠይቃል?»

«ምን ብዬ ላስገባት?»

«የአባቴ ልጅ ናት ብለህ ነዋ።»

«ታዲያ እህቴ ልትሆን ነው?»

«ትሁና! እንዳንተ ያለ ወንድም ይብዛባታል እንጂ ምን ይጎዳታል?»

ዘይነባ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። «ልጄን በውሸት አላሳክማትም» አልኩ። ንግግሬ ለራሴ አማረኝ፤ ሁለት ጊዜ ደገምኩት።

በኅዳር ነኢማን ሳል ያዛት። ስምንት ወሯ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ዘይነባ፣ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት አለች። ደብተር የሌለው ሰው ለካርዱም፣ ለምርመራውም፣ ለመድኃኒቱም ከኪሱ ነው። «ብርድ ነው፤ ይለቃታል» አልኳት። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ብርድ ብቻ አልመሰለኝም ነበር። በሁለተኛው ቀን አባቴ ደብተሩን ይዞ በራችን ላይ ቆመ።

«ኩራትህን ለጥር አቆየውና ልጅቷን ስጠኝ። በመንገዴ አስመዝግቤ አሳክማታለሁ።»

አልሰጠሁትም።

በሦስተኛው ቀን ስትተነፍስ ጎኗ ይሰረጉድ ጀመር። ባጃጅ ጠርተን ሆስፒታል ሮጥን። ያን ቀን ማንም ደብተር አልጠየቀንም። ወዲያው ተቀብለው ኦክስጅን አደረጉላት። ሐኪሙ እንደኔ ወጣት ነው።

«መቼ ጀመራት?» አለኝ።

ዘይነባ ዞራ አየችኝ።

«ትናንት» አልኩ።

ለቀበሌው መዝገብ አልዋሽም ያልኩት ሰውዬ ልጄን ለያዘው ሐኪም ዋሸሁ። ነኢማ ከሰዓት በኋላ ሞተች። አባቴ በለቅሶው ሁሉ ስለ ደብተር አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በጥር ምዝገባው ተከፈተ። ሠራተኛዋ አዲስ ናት፤ አታውቀኝም።

«አሰላሙ አለይኩም ወንድሜ። ቤተሰብ ስንት ነው?»

«ሁለት።»

«ልጅ ካለህ አሁኑኑ አስመዝግብ። ለሁለትም ለአምስትም መዋጮው ያው ነው፤ አትጎዳም።»

«የለኝም።»

ስሜን በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ጻፈች። ከዚያ ከእኔና ከዘይነባ ስም በታች ያሉትን ባዶ መስመሮች በእስክሪብቶዋ አሳየችኝ። «እነዚህን ትቼልሃለሁ። አላህ ሲሰጣችሁ በየትኛውም ወር ብትመጣ እጽፍልሃለሁ። ሕፃን ጥርን አይጠብቅም።»

ደግ ልጅ ናት። አላህ ይስጥሽ አልኳት። ደብተሩን እንደያዝኩ ግን ባዶዎቹን መስመሮች እያየሁ እዚያው ቆምኩ። ከኋላዬ ሰልፉ ረጅም ነበር።

«ቶሎ በል እንጂ፣ ወንድሜ!» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ቶሎ ማለት ነበረብኝ።