ከፎጣው ጀርባ የነበረው ፊልም

ፊልም እወዳለሁ የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ቶሎ አትመኑት። ፊልም መውደድና ስለ ፊልም ማውራት መውደድ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ እኔን የያዘኝ ሁለተኛው ነው። ክላሲክ የሚባለውን፣ ሁሉም የሚያወድሰውንና ማንም እስከ መጨረሻው ያላየውን ፊልም፣ ግማሹን ተኝቼ ግማሹን አድንቄ የወጣሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ከልት የሚሉት ደግሞ አለ፤ ሲወጣ ማንም ዞር ብሎ ያላየው፣ ኋላ ግን አምስት ግትሮች “እናንተ ስላልገባችሁ ነው” እያሉ እንደ ጽዋ ማኅበር በየተራ የሚደግሱለት። ለእኔ ልብ የሚቀርበው ግን ኤክስፕሎይቴሽን የሚባለው ወገን ነው። ደምና ጭን አሳያችኋለሁ ብሎ ብራችሁን የሚቀበል፣ ፖስተሩ ከራሱ ከፊልሙ የሚበልጥ። ውሸታም ነው፤ ቢሆንም ጥበብ ነኝ ብሎ አይኮፈስም።

ይህን ፍልስፍና ከዩኒቨርሲቲ የቀሰምኩት እንዳይመስላችሁ። የተማርኩት በልጅነቴ፣ ባደግኩባት ቁሓ ከተማ፣ ኣቦይ ሰዒድ ቪዲዮ ቤት ነው። ኣቦይ ሰዒድ ከወሎ ጨርቅ ሊነግዱ መጥተው፣ ጨርቁ አልሸጥ ሲላቸው ቴሌቪዥንና የካሴት ማጫወቻ ገዝተው እዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። ፎጣ ከትከሻቸው አይለይም። ፊልሙ ነውር ያለበት ቦታ ሲደርስ ይነሡና ፎጣውን በሁለት እጃቸው ቴሌቪዥኑ ፊት ዘርግተው፣ ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው ይቆማሉ። ነውሩ ሲያልፍ ይቀመጣሉ። ያን ጊዜ ሳንሱር ማለት ይኸው ነበር፤ ክንዱ ሲዝል እንኳ ይታይ ነበር።

ከዚያ ሁሉ ፊልም አንዱ ልቤ ውስጥ ቀረ። ከእስር ቤት ያመለጡ ስድስት ሴቶች ጫካ ለጫካ ሲሸሹ ወንዝ ዳር ይደርሳሉ። አንደኛዋ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ መፍታት ትጀምራለች። ፎጣ! ፎጣው ሲነሣ ሴቶቹ ከወንዙ ማዶ እየሮጡ ናቸው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ፤ ይህን ያለ ሰው ቪዲዮ ቤት ገብቶ አያውቅም። ከዚያ ወዲያ ያየሁትን ፊልም ሁሉ ካላየኋት ወንዝ ጋር እያስተያየሁ ስጥል ኖርኩ። በጦርነቱ፣ መብራትም ስልክም በጠፋባቸው ዓመታት ጎረቤቶቼ ተሰብስበው “እስቲ ፊልም ንገረን” ሲሉኝ የምነግራቸው እሱኑ ነበር፤ ወንዟንም እንደ አድማጩ ዕድሜ አሰፋትና አጠብባት ነበር። ለአንድ ሰዓት ረሃባችንን አስረሳኸን ያሉኝ ነበሩ። ይህን ስነግራችሁ አልቀልድም።

አሁን ዓዲ ሓቂ በሚባል ሰፈር፣ ተማሪ በማይጠፋበት አንድ ካፌ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ፊልም አሳያለሁ። በቅርቡ ግን ተመልካቼ ወደ ሦስት ወርዶ፣ ከሦስቱም አንዱ የመጣው ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ሆነና ለተብርሃን የምትባለው ባለካፌ ቁርጡን ነገረችኝ፤ የፊታችን ቅዳሜ ቤቱ ካልሞላ ቴሌቪዥኑን ለኳስ ትሰጠዋለች። ሳምንቱን ሙሉ ሒሳብ ለማይወዱ ልጆች ሒሳብ የማስተምር ሰው ነኝ። ቅዳሜዬን ከወሰዱብኝ ምን ይቀረኛል?

ያን ፊልም ፈልጌ ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት፤ ሙሉውን፣ ያልተቆረጠውን። ሃያ ምናምን ዓመት የጠበቅኩትን ብቻዬን ማየት ግን ስስት መሰለኝና ሳላየው ማስታወቂያ ለጠፍኩ። “ቁሓ ላይ በፎጣ የተሸፈነው ትዕይንት፣ ቅዳሜ ያለ ፎጣ!” ካፌው ጢም አለ። ለተብርሃን ከጎረቤት ወንበር ተዋሰች። ኣቦይ ሰዒድንም በክብር እንግድነት ጠርቼ ከፊት አስቀመጥኳቸው።

ሴቶቹ ወንዙ ዳር ደረሱ። አንደኛዋ ጎንበስ አለች። ጫማዋን ፈታች፤ ሌሎቹም ፈቱ። ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ተሻገሩ። ማዶ ተቀምጠው እግራቸውን አደረቁ። አንዷ የግራውን ጫማ በቀኝ እግሯ አጥልቃ እንደገና አወለቀች። ከዚያ ሮጡ።

“ቲቸር፣ ይኼው ነው?” አለ ከኋላ አንድ ተማሪ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወደ ኣቦይ ሰዒድ ዞሬ፣ ያኔ ምኑን ነበር የሸፈኑብን ብዬ ጠየቅኳቸው።

“እዚያ ጋ ክሩን ማሽኑ በልቶት ነበር፣ ልጄ” አሉ ተረጋግተው። “መስመር መስመር እንጂ ሌላ አያሳይም። ካሴቱ ተበላሽቷል ብዬ ብነግራችሁ ወላሂ አንዳችሁ አትመለሱም ነበር። ፎጣ ስዘረጋ ግን በማግስቱም መጣችሁ።”

እኔ በማግስቱ ብቻ አይደለም የሄድኩት። ያችን ወንዝ በሐሳቤ ተመልክቻለሁ ብዬ ለነፍስ አባቴ ተናዝዤ፣ ሰባት ቀን እንድሰግድ ታዝዤ ሰግጃለሁ። ለተበላሸ ካሴት።

ሕዝቡ እየሳቀ ሲወጣ ለተብርሃን ትሪዋን ይዛ መጣች። ፍርዴን ጠበቅኩ።

“መምህር ሓወይ፣ ኳሱ ይቅር” አለችኝ። “ለኣንተ ብዬ ግን ኣይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሽማግሌውን ከነፎጣቸው ኣምጣልኝ።”

እነሆ ቅዳሜዬ ተረፈ። ፊልሙን እኔ እመርጣለሁ፤ መቼ እንደሚሸፈን ኣቦይ ሰዒድ ይወስናሉ። ቴሌቪዥኑ ሰፊ ስለሆነ ፎጣው በጋቢ ተተክቷል። ባለፈው ቅዳሜ እንዲሁ በድንገት ተነሥተው ዘረጉት፤ ቤቱ ትንፋሹን ዋጠ። ፊልሙን አስቀድሜ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ከጋቢው ጀርባ ያለው አንድ ሽማግሌ ሾርባ ሲጠጣ ብቻ ነው። እኔም ግን ከሁሉም ጋር አንገቴን አሰገግኩ።